ኤፍ ኤን ኤው «ቤተስዳ 3» ብሎ መጣ፤ የጂን ምርመራ ላስልክ ወይስ ኦፕራሲዮን ልሆን? የእናቴስ እንቅርት?

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦

ሰላም ቤቶች። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ፣ ጭንቅላቴ ዞሯል።

38 ዓመቴ ነው። አንገቴን ለሌላ ጉዳይ በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ በቀኝ በኩል ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢዬ ላይ 1.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኖጁል (እብጠት) ተገኘ። አያመኝም፣ ከውጭ አይታይም፣ ስውጥም አይከብደኝም። ቲ ኤስ ኤች የሚሉት የደም ምርመራ ኖርማል ነው። ኖርማል ከሆነማ ምን አለ ብዬ ተረጋግቼ ነበር። ከዚያ በመርፌ ናሙና ወሰዱና (ኤፍ ኤን ኤ የሚሉት ነው) «ቤተስዳ 3» ተብሎ መጣ። ካንሰር ነው? ስላቸው ነው አንልም። አይደለም? ስላቸው አይደለም አንልም። እንዲህ ዓይነት መልስ ከሐኪም ሰምቼ አላውቅም።

ዶክተሯ ሦስት ምርጫ ሰጠችኝ። ናሙናውን እንደገና መውሰድ፣ ለጂን ምርመራ መላክ፣ ወይም የታይሮይዱን ግማሽ በኦፕራሲዮን አውጥቶ መገላገል። «አስቢበትና ደውዪልኝ» ብላ ሸኘችኝ። እኔ ምን አውቄ ነው የማስበው?

የባሰው ደግሞ የቤተሰቡ ነገር ነው። እናቴ ድሮ አገር ቤት እንቅርት ተብላ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። ወረቀቱ የለም፣ ምን እንደነበረም የነገራት የለም። ሁለት አክስቶቼ አንገታቸው ላይ እንቅርት አለ፣ አያቴም ነበራት ይባላል። ፎርሙ ላይ «በቤተሰብ የታይሮይድ ካንሰር አለ?» የሚለው ጋ ስደርስ ምን ብዬ እንደምሞላ ግራ ገባኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። በዘር የሚሄድ ከሆነ እነሱንም ላስመርምር? የጂን ምርመራው ይህንን ይነግረኛል? ያለፋችሁበትም ሙያው ያላችሁም እባካችሁ በሚገባኝ አማርኛ።

ስላይድ አንባቢ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ሳይቶሎጂ (የሴል ምርመራ) ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሐኪምሽን ግን አልተካም።

ስሙ አያስደንግጥሽ። ቤተስዳ እዚያው ጎረቤትሽ ያለው የሜሪላንድ ከተማ ነው። በ2007 ፓቶሎጂስቶች (የሴልና የአካል ናሙና የሚመረምሩ ሐኪሞች) እዚያ ተሰብስበው፣ የታይሮይድ ናሙና ውጤት በየሆስፒታሉ በየራሱ አጻጻፍ መውጣቱ ይብቃ ብለው ስድስት ደረጃ አወጡለት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) 1 ናሙናው አልበቃም ነው፣ 2 ደህና ነው፣ 6 ካንሰር ነው። 3 እና 4 ናቸው ሰውን እንቅልፍ የሚነሱት። በ2023 በወጣው እትም ለ3 የተሰጠው አማካይ የካንሰር ዕድል 22 በመቶ ገደማ ነው። እሱም ቢሆን የተሰላው ኦፕራሲዮን ከሆኑት ሰዎች ነው፣ አጠራጣሪ ስላልመሰሉ ሳይነኩ የቀሩት አልተቆጠሩበትም፣ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ ዝቅ እንደሚል ነው የሚገመተው።

ለምን ቁርጥ ያለ መልስ እንዳልሰጡሽ ልንገርሽ። ከመርፌዋ የሚወጣው ጠብታ መስታወት ላይ ተቀብቶ ቀለም ይነከራል። እኔ ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው፣ ፓፒላሪ የሚባለው ካንሰር ከሆነ ኒውክለሶቹ ገርጥተው፣ ተለቅ ብለው፣ መሀላቸው ላይ እንደ ቡና ፍሬ ስንጥቅ ያለ መስመር ይኖራቸዋል። በብዛት ካገኘሁት ጉዳዩ አለቀ። ሁለት ሦስት ሴል ላይ ብቻ ካገኘሁት ግን፣ ወይም ሴሎቹ ትንንሽ ክብ ሰርተው ኮሎይድ የሚባለው ፈሳሽ ከጠፋ፣ በሙሉ ልቤ ልፈርም አልችልም፤ 3 ብዬ እጽፋለሁ። ፎሊኩላር የሚባለው ዓይነት ደግሞ በመርፌ ጭራሽ አይለይም። ካንሰር የሚያሰኘው ኖጁሉን የሸፈነውን ልባስ ወይም የደም ስሩን ጥሶ መግባቱ ነው፣ ያንን ለማየት ኖጁሉ በሙሉ ወጥቶ ጠርዙ መታየት አለበት። መርፌ ሴል እንጂ ጠርዝ አያመጣም።

ቲ ኤስ ኤች የሚነግርሽ እጢው ሆርሞን እንዴት እያመረተ እንደሆነ ነው። አብዛኛው የታይሮይድ ካንሰር ያለበት ሰው ቲ ኤስ ኤቹ ኖርማል ነው፣ በእሱ አትጽናኚም አትፍሪም።

አሁን የምትጠይቂው የአልትራሳውንዱን ሪፖርት ነው። ታይራድስ የሚባለው ከ1 እስከ 5 ያለው የጥርጣሬ ደረጃ ስንት እንደተሰጠው እዪ። ኖጁሉ ጥቁር ሆኖ ከታየ፣ ከወርዱ ቁመቱ ከበለጠ፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ከሆነ፣ ወይም ውስጡ ደቃቅ ነጫጭ ነጥቦች ካሉት ያጠራጥራል። እነዚህ ከሌሉ የአንቺ 3 ከሌላው ሰው 3 የቀለለ ነው። መርፌውን መድገምም የሚናቅ ነገር አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ናሙና ወደ 2 ይወርዳል።

ግማሽ ቀረኝ፦

በዚህ አልፌያለሁ። የኔም 3 ነበር፣ ሁለት ጊዜ። ለጂን ምርመራ ተላከና ኤን-ራስ የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ተገኘ ተባልኩ። ወረቀቱ ላይ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ሳይ በቃ ካንሰር ነው ብዬ ለእህቴ ሁሉ ደውዬ አለቀስኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ የኤን-ራስ ለውጥ ደህና እጢ ላይም ይገኛል፣ ካንሰር ላይም ይገኛል፣ መሀል ላይ ባለውም ይገኛል። ብራፍ ቪ600ኢ የሚባለው የሌላ ጂን ለውጥ ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱ ከተገኘ ፓፒላሪ ካንሰር መሆኑ የማያጠያይቅ ነው ማለት ይቻላል።

ግማሹ ወጣ። ፓቶሎጂው ሲመጣ ኒፍትፕ የሚባል ነገር ሆነ። ይሄ እስከ 2016 ድረስ ካንሰር እየተባለ ሰው ታይሮይዱ በሙሉ የሚወጣለትና በላዩም ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚጠጣለት ነገር ነበር። በዚያ ዓመት ከተለያየ አገር የተሰባሰቡ ፓቶሎጂስቶች ልባሱን ያልጣሰ እስከሆነ ድረስ ሰው አይጎዳም ብለው ካንሰር የሚለውን ቃል ከስሙ አነሱለት። እኔ ቀደም ብዬ ታምሜ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን «የካንሰር ታማሚ» ነበርኩ።

ታይሮይድሽ ግማሹ ከቀረ ብዙ ሰው ክኒን ላያስፈልገው ይችላል፣ እኔ ግን ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን እየወሰድኩ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ቡና ከመጠጣቴ በፊት። ቡናውን መጠበቅ ነው ያስቸገረኝ።

እና የሂሳብ ቢሉን ተጠንቀቂ። የኔ ኢንሹራንስ መጀመሪያ አልከፍልም ብሎ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ቤቴ ላከ። ናሙናው ከመላኩ በፊት ቅድመ ፈቃድ መጠየቁን በጽሑፍ አረጋግጪ።

ክሮሞዞም አስር፦

ልጆችሽን አሁን አታስመርምሪ። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ የሚደናገረው።

ዶክተርሽ የምትልክልሽ ምርመራ የሚያየው ኖጁሉን ነው። ኖጁሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች በሕይወትሽ መሀል ያመጡት ለውጥ ካለ ያንን ይፈልጋል። ብራፍ ቢገኝብሽ እንኳ እናትሽ አልሰጠችሽም፣ አንቺም ለልጆችሽ አትሰጪም፣ እዚያች እብጠት ውስጥ ተወልዶ እዚያው የሚቀር ነገር ነው። በዘር ይሄዳል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ሌላ ምርመራ ነው፣ ከደም ወይም ከምራቅ የሚሰራ፣ ከወላጅ የወረስሽውን ጂን የሚያይ። አንዱ የሌላውን አይመልስም። ከዘመዶቼ አንዷ የኖጁሉ ጂን ንጹሕ ነው ሲባል «እሰይ፣ ልጆቼ ነጻ ወጡ» ብላ ደገሰች። ድግሱ ጥሩ ነበር፣ ምክንያቱ ግን አልነበረም።

የኖጁሉ ጥናት አሁን ሩቅ ሄዷል። በ2014 የካንሰር ጂኖም አትላስ የሚባለው የአሜሪካ ፕሮጀክት 496 የፓፒላሪ ናሙና መርምሮ፣ 60 በመቶ ገደማው ላይ ብራፍን አገኘ፣ ከዚያ በፊት መነሻቸው ያልታወቀው ሩብ ያህል የነበሩትን ደግሞ ወደ 3.5 በመቶ አወረዳቸው። አፊርማና ታይሮሴክ የሚባሉት የኖጁል ጂን ምርመራዎች እንዲህ ባለ እውቀት ላይ የቆሙ ናቸው። ጥንካሬያቸው «የለም» ሲሉ ነው፦ ቤተስዳ 3 እና 4 ላይ በተደረጉት ጥናቶች ነጋቲቭ ካሉሽ ካንሰር ያለመሆኑ ዕድል 96 እና 97 በመቶ ደርሷል። ፖዘቲቭ ሲሉ ግን በአንዱ ግማሽ ያህሉ፣ በሌላው ሁለት ሦስተኛው ነው ካንሰር ወይም ኒፍትፕ ሆኖ የተገኘው። ግማሽ ቀረኝ ያለችው ያ ነው። እኔ ብሆን ምርመራውን የማሰራው ኦፕራሲዮን ለመሸሽ እንጂ ካንሰር ለማረጋገጥ አይደለም።

በዘር የሚሄደው በዋናነት ሜዱላሪ የሚባለው ነው። ከጠቅላላው የታይሮይድ ካንሰር ከመቶ አምስት አይበልጥም፣ ከእነዚያም ሩቡ ገደማ ብቻ ነው የሚወረሰው። የሚነሳውም የታይሮይድ ሆርሞኑን ከሚያመርቱት ሴሎች ሳይሆን ካልሲቶኒን የሚባል ሌላ ሆርሞን ከሚሰሩት ነው። ጥፋተኛው ሬት የሚባለው ጂን መሆኑ በ1993 ታወቀ፣ ክሮሞዞም 10 ላይ ነው ያለው (ስሜን ከየት እንዳመጣሁት ገባችሁ)። አንድ ወላጅ ካለው እያንዳንዱ ልጅ 50 በመቶ የመውረስ ዕድል አለው። እና ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በሕክምና ታሪክ ከማደንቃቸው አንዱ ነው፦ ለውጡ 918 የሚባለው ቦታ ላይ ከሆነ የልጁ ታይሮይድ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በሙሉ እንዲወጣ፣ 634 ላይ ከሆነ እስከ አምስት ዓመቱ እንዲወጣ ይመከራል። ካንሰሩ ሳይመጣ። የጂኑ አንድ ፊደል ብቻ ታይቶ። ለታመሙትም ይህንኑ ሬትን የሚይዝ ሴልፐርካቲኒብ የሚባል መድኃኒት በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል።

ስለዚህ ለእናትሽ ደውዪና እነዚህን ጠይቂ። ግማሹ ነው የወጣው ወይስ ሁሉም? ከቤተሰቡ በወጣትነቱ ደም ግፊት ይዞት፣ ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት እየመጣ የሚሄድበት ሰው ነበር? ድንገት የሞተስ? የኩላሊት ጠጠር ያለበት? ሬት ከኩላሊት በላይ ያለችውን አድሬናል እጢና ፓራታይሮይድንም (ከታይሮይድ ጀርባ ያሉትን ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ትንንሽ እጢዎች) ስለሚነካ ነው።

ሁሉም «የለም» ከሆነ እኔ ወደ አዮዲን ነው የማደላው። አገር ቤት ደጋው ላይ አፈሩ አዮዲን ያንሰዋል። እናት፣ አክስት፣ አያት ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ማዕድ በልተው ሁሉም እንቅርት ቢያወጡ ጂን ፍለጋ አያስኬድም። አዮዲን ያለው ጨው በ1990ዎቹ (በፈረንጅ) ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ ነበር፣ በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ቀረ፣ የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ደግሞ አዮዲን ሳይገባበት ነበር የሚሸጠው። ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚለው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። የእናትሽ ዘመን ሴቶች ያለ አዮዲን ነው ያደጉት። ፎርሙ ላይ «እንቅርት፣ ዓይነቱ ያልታወቀ» ብለሽ ጻፊ፣ ካንሰር ብለሽ አትሙዪ።

ተዉት ይቀመጥ፦

ምን አስቸኮላችሁ? ኮሪያን እዩ። ከ1999 ጀምሮ መንግሥት ለሌላ ካንሰር ምርመራ ሲጀምር ሐኪሞቹ በትንሽ ብር አንገትም እንይላችሁ አሉ። ከ1993 እስከ 2011 የታይሮይድ ካንሰር 15 እጥፍ ጨመረ፣ በ2011 ብቻ ከ40,000 ሰው በላይ ካንሰር አለብህ ተባለ። የሟቹ ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ኦፕራሲዮን ከሆኑት 11 በመቶው ፓራታይሮይዳቸው ተጎዳ፣ 2 በመቶው የድምፅ ነርቫቸው ሽባ ሆነ። ጃፓን ኮቤ ያለው ኩማ ሆስፒታል ደግሞ ከ1993 ጀምሮ ትንንሾቹን ሳይቆርጥ እየተከታተለ ነው፣ በ10 ዓመት ውስጥ ያደገው 8 በመቶው ነው፣ በእነዚህ ምክንያት የሞተም የለም። ካልነካኩት አይነካም። አንገቷን ባያዩላት ኖሮ ዛሬ በሰላም ሥራዋን ትሰራ ነበር።

ስላይድ አንባቢ፦

@ተዉት ይቀመጥ፣ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፣ ቦታቸው ግን እዚህ አይደለም። ኮሪያ ያስተማረችው ጤነኛውን ሰው አሰልፋችሁ አንገቱን አትፈልጉ ነው። ኩማም የሚከታተለው 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን፣ ምንነቱ የታወቀውን ነው። የእሷ 1.8 ነው፣ ምንነቱም ገና አልታወቀም። መከታተልና ሳያውቁ መተው አንድ አይደሉም። ግን በአንድ ነገር እስማማለሁ፣ ሁለት ሦስት ወር ቢዘገይ ምንም አይሆንም። የሳምንት ጉዳይ አይደለም፣ አንቺም እህቴ ተረጋግተሽ ወስኚ።

ከአዲስ አበባ፦

እዚህ ነገሩ ሌላ ነው፣ ልንገራችሁ። ለወንድሜ ኤፍ ኤን ኤ ተሰራ፣ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን የጂን ምርመራ የሚለውን ያነሳብን ሰው እንኳ አልነበረም። ሰርጀኑ «ግማሹን እናውጣውና ፓቶሎጂው ይንገረን» አለ፣ ወጣ፣ ደህና ሆነ። በዋጋም ስታስቡት ለኛ ኦፕራሲዮኑ ከምርመራው ይረክሳል። የሚያናድደኝ የጂን ጥናቱ በአብዛኛው በፈረንጅ ደም የተሰራ መሆኑ ነው፣ በ2009 አይስላንድ ላይ ሁለት የጂን ቦታ ተገኘ ሲባል ሰማሁ፣ ለኛ ምን ያህል እንደሚሠራ ማን ጠየቀ?

ለጠያቂዋ ግን፣ እናትሽ የተሰሩበት ሆስፒታል ሄዶ የሚጠይቅ ዘመድ ካለ ላኪ። ፓቶሎጂ ተሰርቶ ከነበረ የመዝገብ ቁጥሩ ሊገኝ ይችላል፣ አንዳንድ ቦታ በሰም ተቀርጾ የተቀመጠው ናሙና ራሱ አለ። የመገኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው፣ ግን ከተገኘ አንድ ወረቀት ስንት ጭንቀት ያስቀራል።

ደግሞ አክስቶችሽን እንቅርት ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ። ለዓመታት አንድ ዓይነት ሆኖ የኖረ እንቅርት ድንገት ቶሎ ቶሎ ካደገ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ፈጥኖ መታየት አለበት። አዮዲን ባጠረበት አገር ፎሊኩላሩ ድርሻው ከፍ ይላል፣ አናፕላስቲክ የሚባለው ክፉውም እንደዚህ ባለ አሮጌ እንቅርት ውስጥ ይነሳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እማዬን አወራኋት። ግማሹ ነው የወጣላት፣ «ሁለት ቀን ተኝቼ ሽሮ እየበላሁ ወጣሁ» አለችኝ። ክኒን አትወስድም። አድሬናል፣ ጠጠር፣ ድንገት የሞተ፣ ምንም የለም። ጨው ስላት ደግሞ ሳቀች፣ ልጅ እያለች አሞሌ ነበር የሚቀጠቅጡት። ታይራድሴ 3 ነው፣ ነጫጭ ነጥብ የለውም።

አንድ ያልገባኝ፣ ሬት ጨረር ያመጣዋል የሚል ነገር አንብቤያለሁ፣ ቼርኖቤል ምናምን። እና ይወረሳል ወይስ በጨረር ነው?

ክሮሞዞም አስር፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂኑ አንድ ነው፣ አበላሸቱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። በሜዱላሪው አንድ ፊደል ተቀይሮ ከወላጅ ይመጣል። በቼርኖቤል በ1986 የፈነዳው ሪአክተር ያወጣውን ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ላሞች ከሳሩ ጋር በሉት፣ የቤላሩስና የዩክሬን ልጆች በወተቱ ጠጡት፣ ታይሮይዳቸው ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤውን ሰበረ። ሲጠገን ሬት ከሌላ ጂን ጋር ተጣብቆ ቀረ፣ ያም የፓፒላሪ ካንሰር አመጣ። በ2021 የወጣ ጥናት 359 ለጨረሩ የተጋለጡ ሰዎችን እጢ ከአደጋው በኋላ ከተወለዱ 81 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ የጨረሩ መጠን ሲጨምር እንዲህ ያለው ስብራት እንደሚበዛ አሳየ። በዚያው ዓመት ወላጆቻቸው የተጋለጡ ልጆችንም መርምረው በዘር የተላለፈ ጉዳት አላገኙም። አንቺ በልጅነትሽ አንገትሽ ላይ የጨረር ሕክምና ካልወሰድሽ ይህ አይመለከትሽም።

የነገርሽን ሁሉ ሳየው በአንቺ ቦታ ብሆን መርፌውን እደግመዋለሁ፣ በዚያው ቀን ለጂን ምርመራ የሚሆን ጠብታም አብሮ እንዲወሰድ እጠይቃለሁ። ውጤቱ 2 ከሆነ ሳይላክ ይቀራል፣ 3 ከሆነ ይላካል፣ ሌላ መርፌ የለም። ሜዱላሪ ካለ ከፍ የሚለው ካልሲቶኒንም በደም ይታይልኝ ብለሽ ሐኪምሽን ጠይቂያት፣ የቤተሰቡ ወረቀት ስለጠፋ ምክንያት አለሽ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦

እንደሱ ላድርግ ብዬ ደወልኩላት፣ ተስማማች። ካልሲቶኒኑንም አዘዘችልኝ። ቅድመ ፈቃዱን ግን ማን ነው የሚጠይቀው? ክሊኒኩ ላብራቶሪው ነው ይላል።

ግማሽ ቀረኝ፦

ማመልከቻውን አብዛኛውን ጊዜ ላብራቶሪው ነው የሚሞላው፣ የሐኪሟን ማስታወሻ ግን ከክሊኒኩ ይፈልጋል። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው የሚቀረው። ሁለቱም ጋ ደውዪ፣ ያነጋገርሽውን ሰው ስምና የማመልከቻውን ቁጥር ያዢ። መርፌው መቼ ነው?